የሐሙስ ማታዋ አንድ ሰዓት፦ ከጅማ የራዲዮ ሥራ ማስታወሻ

ጥር 6፣ 2018፣ ረቡዕ

ጣቢያው ሐሙስ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያለውን አየር ለሙከራ አራት ሳምንት ሰጠን። ሦስት ነን። እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ራዲዮና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ፣ ሁለተኛዋ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ምትመረቅ ልጅ ናት፣ ሦስተኛው ጋሼ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ እኔንም ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። ሐሙስን እኛ ነን የመረጥነው፣ የሕርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲገዛ ሲሸጥ ሲከራከር ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያወራው ነገር ሞልቶለት ነው።

ሀሳባችን የሳምንቱን ወሬ ማውራትና ሰው "ይሄ ነገር ለምንድነው" የሚለውን መመለስ ነበር፣ 30 ደቂቃ ለዜና 30 ደቂቃ ለጥያቄ ብለን ወረቀት ላይ ከፍለነው ነበር። ጋሼ ወረቀቱን አይተው ሁለቱን አትለያዩ አሉ። ዜናውን ለብቻ ካደረጋችሁት ሰው በዜናው ሰዓት ተነስቶ እራት ያቀራርባል፣ ለጥያቄው ይመለሳል። "መጀመሪያ ሰውዬው ደጅ ያለውን ጥያቄ ያዙ፣ ዜናው ተከትሎ ይመጣል" አሉን። እኔ በጣም ነው ያመንኩበት፣ ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ራዲዮ ክፍት ነው፣ ደንበኞቼ ዜና ሲነበብ ያወራሉ፣ አንድ ሰው "ታዲያ ይሄ እኛን ምን ያገናኘናል" ብሎ የጠየቀ ቀን ግን ሁሉም ዝም ብሎ ይሰማል።

ጥር 8፣ አርብ

የጥያቄ ሳጥን ሠራን። ቴሌግራም አለ፣ ግን ቴሌግራም ላይ ሚጽፈው ያው ወጣቱ ነው፣ እኔ የምፈልገው የጉልቷን እናት፣ ዘበኛውን፣ ልብስ ሰፊውን ነው። በርጩማ ሚሠራ ጎረቤት አለኝ፣ ባለሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ነው ሚያወጣት፣ ከተረፈው ጣውላ ሦስት ሳጥን ገጣጥሞ ሰጠኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄም እዛው ጽፎ ከተተ። አንዱን ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤት፣ አንዱን ሕርማታ ልብስ ሰፊው ጋ፣ አንዱን ኮቺ ፀጉር ቤት አስቀመጥን። መጻፍ ለማይችል ሰው የቤቱ ባለቤት እንዲጽፍለት ተነጋግረናል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይቻላል።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ጥምቀት አለፈና ሳጥኖቹን ከፈትን። 47 ወረቀት! ጋሼ ቤት ወለሉ ላይ ዘርግተን እስከ ማታ 4 ሰዓት አነበብን። ልጅቷ አንዳንዱን ስታነብ ድምጿ ይቆራረጥ ነበር፣ አንዲት እናት "ልጄ ዐረብ አገር ናት፣ እዚህ ሲመሽ እዛ ስንት ሰዓት ነው፣ ተኝታ እንዳልቀሰቅሳት" ብላ አጽፋለች። እሱን ወዲያው በስልክ መለስንላት፣ ለሐሙስ ሚቆይ ጥያቄ አይደለም፣ ሳውዲም ኩዌትም ከኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ ብቻ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል።

ሌሎቹን እንደመጡ ልጻፍ። ቡና ከኛው አገር ወጥቶ ስኒው ለምን ተወደደ። ግልገል ጊቤ አፍንጫችን ስር ሆኖ መብራት ለምን ይጠፋል። የቡና ችግኝ እንደ ሰው ስም እንደሌለው ለምን በቁጥር ይጠራል (የበርጩማው ጎረቤቴ ጥያቄ ናት እቺ)። ማታ ማታ በአሮጌ ራዲዮ የሩቅ አገር ጣቢያ ይገባል፣ ቀን የት ይሄዳል። ማሳችንን በስልክ እየዞሩ ሚለኩት ሰዎች ምን ፈልገው ነው። ዘንድሮ ጾሙና ረመዳን ለምን በአንድ ሳምንት ገቡ። የመጨረሻዋ ሦስቱም ሳጥን ውስጥ ነበረች፣ በተለያየ ሰው እጅ።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ሙሉ ቀን በስልኩ ኬብል አለቀ፣ ሌላም ሚሠራ ሰው ሊያነበው ስለሚችል ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ስቱዲዮው ውስጥ አድማጭን አየር ላይ ማውጫ ዕቃ ነበረ፣ ከተበላሸ ቆይቷል፣ አዲሱ ደሞ በኛ አቅም ሚነካ አይደለም። ስለዚህ ተራ ሞባይል ከሚክሰሩ (የማይኮቹን ድምፅ ሚያቀላቅለው ዕቃ) ጋር በኬብል ላገናኝ አልኩ። የሞባይል ጃክ አራት ክፍል አለው፣ ጫፉ ግራ ጆሮ፣ ቀጥሎ ቀኝ ጆሮ፣ ሦስተኛው መሬት፣ አራተኛው ማይክ። ከጆሮው መስመር ወደ ሚክሰር ማስገባት ቀላል ነው። ችግሩ በተቃራኒው ነው፣ ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ለስልክ ማይክ በጣም ጉልበተኛ ነው፣ እንዳለ ከሰጠኸው ደዋዩ ሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ድምፁን ሚያዳክሙ ሬዚስተሮች ገቡ፣ ከዛ ስልኩ በማይክ መስመሩ ላይ ትንሽ ዲሲ ቮልት ስለሚልክ እሱ ወደ ሚክሰሩ እንዳይመለስ አንድ ካፓሲተር። ስልኩ ደሞ ኤርፎን ተሰክቷል ብሎ ሚያምነው ማይክና መሬት መሃል ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ሲያገኝ ነው፣ መጀመሪያ ያንን ረስቼ ስልኩ በራሱ ማይክ እያወራ ሁለት ሰዓት ኬብሌን ስመረምር ነበር። ሬዚስተሮቹ በሙሉ ሱቅ ውስጥ ካሉ የሞቱ ራዲዮዎች የተነቀሉ ናቸው።

ሁለተኛው ችግር ማስተጋባት ነው። ለደዋዩ የኛን ድምፅ ስትልክለት የራሱንም ድምፅ ቀላቅለህ ከላክህለት "ሄሎ" ሲል ቆይቶ "ሄሎ" ይመለስለታል፣ ሰው ደሞ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ሲሰማ አፉ ይተሳሰራል፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነውም ይንተባተባል። መፍትሔው ሚክሰሩ ላይ አውክስ በሚባለው መውጫ የሁላችንንም ማይክ ልኮ የስልኩን ቻናል ብቻ ዜሮ ማድረግ ነው። ይሄን ሳደርግ ልጅቷ ከግቢ ውጪ ቆማ ደወለች፣ ጥርት ብላ ገባች፣ እኔም እሷም ስልክ ላይ ጮህን።

ጥር 17፣ እሁድ

ሞገዱ እስከ የት ይደርሳል የሚለውን በጆሮዬ ሳልሰማ ማመን አልፈለኩም። አንድ ባጃጅ ሚነዳ ዘመዴን ያዝኩና ጣቢያው ሙዚቃ እያጫወተ ከተማውን ዞርን። ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ላይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ያለህ ነው ሚመስለው። ከዛ ወርደን አዌቱ ዳር አንዳንድ ቦታ ላይ ሸሸሸ ይላል፣ ባጃጁ ሁለት ሜትር ወደፊት ሲል ይመለሳል። ኤፍኤም እንዲህ ነው፣ አንቴናውና ራዲዮህ መሃል ተራራ ካለ ተራራውን አይዘልልህም፣ መተያየት ይፈልጋል። ጅማ ደሞ ዙሪያዋን ጋራ የከበባት ከተማ ናት። ቆላ ቆላው ላይ ያላችሁ ሰዎች ራዲዮኑን ወደ መስኮት ጠጋ፣ አንቴናውን ቀጥ፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ይሄን በመጀመሪያው ፕሮግራም እንናገራለን ብዬ ያዝኩት፣ ሰው ራዲዮዬ ተበላሸ ብሎ ለጥገና ገንዘብ እንዳያወጣ (ሱቄ ሚያጣው ነገር ቢኖርም እውነቱ ይሄ ነው)።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ለነገ ቡናን መረጥን። ጋሼ ያሉት መንገድ ላይ እንሂድ ብለን ከስኒዋ ነው ምንጀምረው። ደጃችን ቡና ምታፈላዋ እህታችን ሒሳቧን ይዛ መጣች፣ ጥሬ ቡና፣ ከሰል፣ ስኳር፣ የበረንዳ ኪራይ፣ በደብተር ነው ይዛ የመጣችው፣ አምና 20 ብር ነበረች ስኒዋ አሁን 30 ሆናለች፣ እሷ እንደምትለው በ30ም ከበፊቱ በላይ አላተረፈችም። ከዚህ ደብተር ተነስተን ነው ወደ ዓለም ምንወጣው። ማስታወሻዬ ላይ የያዝኩት ይሄን ነው፦

ብራዚል 2024 እ.ኤ.አ. ላይ ክፉኛ ድርቅ መታት፣ የዓለም ትልቋ ቡና አምራች እሷ ስለሆነች የአረቢካ ዋጋ እየወጣ ሄዶ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቡና፣ ከ4 ዶላር አለፈ፣ እስከዛ ድረስ ታይቶ አይታወቅም። ይሄ አንዱ ነው። ሁለተኛው ዶላሩ ራሱ ነው፣ ሐምሌ 22፣ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ቡናው በዶላር ተወደደ፣ ዶላሩ በብር ተወደደ፣ ሁለቱ ተባዝተው ነው በረንዳው ላይ ያለችው ስኒ ላይ ያረፉት። አገሪቷ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብታለች፣ ይሄም ዜና ነው፣ ደስ ሚል ዜና፣ ግን የእህታችን ደብተር ጎን ሲቀመጥ ነው ትርጉም ሚሰጠው።

ጥር 21፣ ሐሙስ፣ ማታ 5 ሰዓት

ጨረስን! እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

1:50 ላይ ሦስታችንም ቦታችን ነበርን። የመክፈቻ ሙዚቃዋ ወጣች፣ ልጅቷ "እንደምን አመሻችሁ ጅማ" አለች፣ ቡና አፍይዋ እህታችን ስኒና ጀበናዋን ስቱዲዮ ድረስ አምጥታ ስትቀዳ ድምፁን ማይክ ላይ አስገባነው፣ ያ የመቅዳት ድምፅ ከኛ ንግግር ሁሉ በላይ ሠርቷል ብዬ ነው ማምነው። ደብተሯን ስታነብ ትንሽ ፈራች፣ ከዛ ስለ ከሰሉ ስታወራ ፍርሃቷ ጠፋ።

2:25 ላይ የመጀመሪያው ስልክ። ምን ሆነ፣ ደዋዩ ራዲዮውን ጎኑ ከፍቶ ነው ሚያወራው፣ ፊውውው የሚል ጩኸት! ኬብሌን በሰላም ሠርቻለሁ፣ ግን ደዋዩ ጋ ያለውን ራዲዮ ልቆጣጠረው አልችልም። ልጅቷ "አባቴ የራዲዮኑን ድምፅ ይቀንሱልኝ" አለች፣ ቀነሱት፣ ጠራ። ይሄ ዓረፍተ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ በየጣቢያው ስሰማው የኖርኩት ነው፣ ዛሬ ከወዲያኛው በኩል ሆኜ ሰማሁት።

ከዛ ከአጋሮ በኩል፣ ጎማ ወረዳ ቡና ሚያመርቱ አንድ አባት ደወሉ፣ በኦሮምኛ ነው ያወሩት፣ ልጅቷ እየተረጎመች። የሳቸው ነገር ሌሊቱን ከአእምሮዬ ሚወጣ አይመስለኝም። ዋጋው መውጣቱን ሰምቻለሁ አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቡናዬ ሚደርሰው ከጥቅምት በኋላ ነው፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሚገቡት መስከረም ነው፣ ደብተርና ዩኒፎርም ስገዛ ተበድሬ ነው፣ ያበደረኝ ሰው ቡናውን ዛፉ ላይ እያለ በነሐሴ ዋጋ ቆርጦ ገዝቶኛል። ስለዚህ ዋጋው ሲወጣ ቡናው እኔ ግቢ ነው ያለው፣ ትርፉ ግን የኔ አይደለም። ስቱዲዮው ዝም አለ፣ ለሦስት ሰከንድ ያህል ማንም አልተናገረም፣ ራዲዮ ላይ ሦስት ሰከንድ ረጅም ነው። እኛ የብራዚልን ድርቅ ፈልገን አገኘን፣ የመስከረምን ደብተር ግን አላሰብነውም ነበር።

2:41 መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ሚተካው ባትሪ) ኮምፒውተሩንና ሚክሰሩን ያዘ፣ ማሰራጫው ደሞ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ወደ ሁለት ደቂቃ ከአየር ወጣን። ስንመለስ ስልኩ እየጮኸ ነው፣ ደዋዩ ሰላም እንኳ ሳይል "ግልገል ጊቤ እዚሁ ሆኖ!" አለ። ለሌላ ሳምንት ያስቀመጥነው ጥያቄ ራሱ በሩን ከፍቶ ገባ። ጋሼ ያለ ወረቀት መለሱት፣ ግድቡ ሚያመነጨው ቀጥታ ወደ ጅማ አይመጣም፣ ወደ አገሪቷ ትልቅ መስመር ይገባል፣ ሁሉም ከዛ ይቀዳል፣ እኛ ሰፈር ሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከታች ያለው መስመር ሲነካ ነው፣ ትራንስፎርመር፣ የበሰበሰ ምሰሶ፣ ሽቦ ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ። ወንዙ ከቤትህ ጎን ቢያልፍም ቧንቧህ ከተሰበረ ውሃ አታገኝም አሉ።

ጥር 22፣ አርብ

ትናንት አንድ ስህተት ተናግሬያለሁ፣ ግልገል ጊቤ አንድ 420 ሜጋ ዋት ነው ብዬ። ዛሬ ጠዋት አንድ ኤሌክትሪሽያን ሱቅ ድረስ መጥቶ አረመኝ፣ ትክክል ነው፣ አንድ ቁጥሩ 184 ነው፣ 420 ሁለት ቁጥሩ ነው። ሐሙስ መጀመሪያ ላይ በግልጽ እናርመዋለን። አየር ላይ የተሳሳተ ነገር አየር ላይ ነው ሚታረመው፣ በጓዳ አይደለም፣ በዚህ ሦስታችንም ተስማምተናል።

ሳርመው ያወኩት ነገር ግን ከቁጥሩ በላይ ገረመኝ። ከአዲስ አበባ ስትመጣ አሰንዳቦ ሳትደርስ መንገዱ ዳር ምታየው ያ ሐይቅ የአንድ ቁጥሩ ነው። ውሃው እዛ ተርባይን ዞሮ አያበቃም፣ 26 ኪሎሜትር ተራራ ውስጥ በተበሳ ዋሻ ተወስዶ ወደ ታች ተወርውሮ ጊቤ ሁለትን ይዞራል፣ ከዛ ኦሞ ሸለቆ ወርዶ ጊቤ ሦስት ግድብ ይገባል፣ እሱ ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ነው። አንድ ጠብታ ሦስት ጊዜ ትሠራለች። ልጅቷ ይሄን ስነግራት "እናቴን ነው ሚመስለው" አለች፣ እናቷ ጠዋት ዳቦ ጋግራ ቀን ገበያ ውላ ማታ ልብስ ትተኩሳለች። አየር ላይ በዚህ ነው ምናስረዳው አልኳት።

ጥር 25፣ ሰኞ

ነነዌ ገባ። መሪጌታን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር፣ የጾሙ ፕሮግራም የካቲት 5 ነው። እንግዳችን ሊሆኑ እሺ ብለዋል፣ ኡስታዙም እሺ ብለዋል። ሁለቱ ሰፈር ስለሚጋሩ ይተዋወቃሉ፣ ልጆቻቸው አንድ ክፍል ናቸው።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ፕሮግራም። እርማቱን አልን፣ የጊቤን ውሃ በእናቷ አስረዳች፣ ሰባት ሰው ደወለ። የችግኙን ቁጥር አለፍ ብለን መለስን፣ የቡና ፍሬ በሽታ 1971 እ.ኤ.አ. ላይ አገራችን ታይቶ ቡናውን ሲያጠፋው መልኮ፣ ከኛ ምዕራብ 12 ኪሎሜትር ላይ ባለው ምርምር ጣቢያ፣ በሽታውን ሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ከየጫካው ለቀሙ፣ 74110፣ 74112 ሚባሉት ላይ ያለው 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው፣ 1974። ጎረቤቴ ይሄን ሰምቶ "ስም ሳይሆን የልደት ቀን ነዋ" አለኝ፣ በጣም ደስ ብሎታል።

ዋናው ግን የዘበኛው ጥያቄ ነበር። በሌሊት ጥበቃ ሚሠሩ አባት ናቸው፣ ራዲዮናቸውን ጭምር ይዘው መጡ፣ ቆዳ የለበሰ አሮጌ ባለ አጭር ሞገድ፣ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጠግኜዋለሁ። "ልጄ ማታ ማታ ዐረብኛውም ሱዋሂሊውም እንግሊዝኛውም ይገባል፣ ሲነጋ ሁሉም ሹልክ ይላል፣ የት ነው ሚሄዱት?" 

እንዲህ አስረዳሁ። ከኛ በላይ በጣም ከፍ ብሎ የፀሐይ ጨረር ሚነካው የአየር ንብርብር አለ፣ አዮኖስፌር ይባላል። ከ200 ኪሎሜትር በላይ ያለው ክፍል ለአጭር ሞገድ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ከሩቅ አገር የተላከው ሞገድ እዛ ይመታና ነጥሮ እኛ ጋ ይወርዳል። ቀን ቀን ግን ፀሐይ ከታች፣ ከ60 እስከ 90 ኪሎሜትር አካባቢ፣ ሌላ ንብርብር ትፈጥራለች፣ እሱ ደሞ ቆርቆሮው ስር እንደተነጠፈ ጥጥ ነው፣ ድምፁን ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥጡ ይጠፋል፣ ቆርቆሮው ይቀራል። ጣቢያዎቹ ቀንም አሉ፣ የትም አልሄዱም፣ እርሶ ጋ ሚያደርሳቸው ጣሪያ ነው የተሸፈነው። የኛ ኤፍኤም ደሞ ቆርቆሮውንም በስቶ ወደ ላይ ያልፋል፣ ለዛ ነው ከላይ ነጥሮ ጋራውን ማለፍ ሚያቅተው። አባታችን ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ሌሊት ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነዋ" አሉ። ከዛ ራዲዮናቸውን ማይክ ፊት ከፈትነው፣ 2:50 ላይ፣ እያንቋረረ እያፏጨ አንድ የሩቅ ሰው በማናውቀው ቋንቋ ሲያወራ ጅማ በሙሉ አብሮን ሰማ። እቺን ደቂቃ ለብቻዋ ቆርጬ ፍላሽ ላይ አስቀምጫታለሁ።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ቀረጻ ስመረምር ዝዝ የሚል ድምፅ አገኘሁ፣ የመብራት መስመር ድምፅ ነው፣ ላፕቶፑና ሚክሰሩ በተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ ነበር። አንድ ማከፋፈያ ላይ አደረኳቸው፣ ጠፋ። ሞባይሎችም ከማይክ ሁለት ሜትር ይራቁ ብያለሁ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ

መሪጌታ በግራ፣ ኡስታዙ በቀኝ፣ ጋሼ መሃል። ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዳን ደሞ ጨረቃዋ ተጠብቃ ረቡዕ የካቲት 11 አካባቢ። ጥያቄው "ለምን በአንድ ሳምንት" ነው።

መሪጌታ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ በቃላቸው ቆጠሩት፣ አድማጭ እስክሪብቶ ያንሳ ብለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት ሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመር 2018፣ 7518። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፣ አንዱን ተወው፣ ወንበር 12። በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 12፣ እሱ አበቅቴ ነው። ከ30 ላይ አበቅቴን ስትቀንስ 18፣ መጥቅዕ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፣ መስከረም 18 ዘንድሮ እሁድ ነበር፣ የእሁድ ተውሳክ (ለየዕለቱ ተለይቶ ሚደመረው ቁጥር) 7፣ ሲደመር 25፣ መጥቅዕ በመስከረም ስለዋለና ድምሩ ከ30 ስላላለፈ ነነዌ ጥር 25። ከነነዌ 14 ቀን ስትቆጥር የካቲት 9። አንድ ልጅ ከሳጦ ደውሎ "እኔም 9 መጣልኝ!" አለ፣ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ መሪጌታ "ተባረክ" ሲሉት በስልኩ ውስጥ የቤተሰቡ እልልታ ተሰማ።

ኡስታዙ ቀጠሉ። የሂጅራው ዓመት 12 የጨረቃ ወር ነው፣ 354 ወይ 355 ቀን፣ ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይ 11 ቀን ወደፊት እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ሁሉንም ወቅት ዞሮ ይመለሳል። ዐቢይ ጾም ግን ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ካለው መስኮት አይወጣም። አንዱ እየዞረ መጥቶ ሌላው ሰፈሩ ላይ አገኘው። ከርሞስ ሲባሉ ሁለቱም ቆጥረው ተያዩ፣ ከርሞ ረመዳን የካቲት መጀመሪያ አካባቢ ይገባል፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ማለትም አንዱ ሲሸኝ ሌላው ይቀበላል።

እዚህ ድረስ ቁጥር ነበር። ከዛ አንዲት ሴት ከመንደራ ደወለች፣ በየረመዳኑ ሳምቡሳ ጠብሳ ምትሸጥ፣ ጎረቤቶቿ ክርስቲያኖች ናቸው፣ በየዓመቱ ኢፍጣር ላይ ሰሃን ታሻግርላቸዋለች። "ዘንድሮ ሥጋውን ትቼ ሁሉንም በምስር ነው ምሠራው፣ እነሱም ጾም ናቸው፣ ሰሃኑ እንዳይመለስብኝ" አለች። ኡስታዙ መነጽራቸውን አወለቁ። መሪጌታ ደሞ "ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንቀምስም፣ ማታ ሲደርስ ግን እንበላለን፣ ላኪልን በሏት" አሉ። ከዛ ስልኩ አልቆመም፣ ምስር ኪሎው ስንት ገባ፣ ተምር ስንት ነው፣ ሽንኩርት ለምን ጨመረ፣ በሁለት ጾም በአንድ ሳምንት ገበያው ምን ይሆናል፣ ያ ሁሉ የኢኮኖሚ ዜና ነው፣ ማንም ግን ዜና ነው ብሎ አልተነሳም። 3 ሰዓት ሲሆን 11 ሰው መስመር ላይ እየጠበቀ ነበር፣ ልጅቷ ለያንዳንዱ ነገ መልሳ እንደምትደውል ነግራቸው ቁጥራቸውን ያዘች።

የካቲት 6፣ አርብ

ዛሬ የዓለም የራዲዮ ቀን ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ራዲዮ በ1946 እ.ኤ.አ. የተጀመረበት ዕለት። እኛ ግን ሥራ ላይ ነን፣ ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ 11ዱንም ደውላለች፣ ዘጠኙን አግኝታለች።

ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ ሰዓቱ። ማታ 2 ሰዓት በረመዳን ተራዊህ ሰላት ላይ ነው፣ ግማሽ አድማጫችን መስጊድ ይሆናል፣ ጣቢያውን ለምነን ለአንድ ወር ከ3:30 እስከ 4:30 እንዲሆን እሺ ብለውናል። ዘበኛው አባት ይሄን ሰምተው ለኔ ይሻለኛል፣ ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው አሉ። ሁለተኛ የሚቀጥለው ሐሙስ ርዕስ፣ የማሳው መለካት። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና አልገዛም ብሏል፣ ለዚህ እያንዳንዱ ማሳ ያለበት ቦታ መታወቅ አለበት፣ ተግባራዊ ሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ግን ከዚህ አንጀምርም። የጎማ ወረዳውን አባት ደውዬ አግኝቻቸዋለሁ፣ እሳቸውም ማሳቸው ተለክቷል፣ ምን ተብለው እንደተለኩ፣ ምን እንደፈሩ፣ ወረቀት ተሰጥቷቸው እንደሆነ ይነግሩናል። ሐሙስ ለገበያ ሕርማታ ይመጣሉ፣ ልጃቸው ጋ አድረው ማታ ስቱዲዮ ይገባሉ፣ በስልክ ሳይሆን በማይክ።

ለሳቸው አራተኛ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። አንድ የተሰበረ አለኝ፣ ገመዱን ዛሬ ማታ እበይደዋለሁ።